አንዱን ሳታስሪ ሌላውን አትፍቺ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ብገባ እንዳይከፋህ። ጤናህን በየሳምንቱ እማዬን እጠይቃታለሁ፤ እሷ «ደህና ነው» ትለኛለች፣ እኔ አላምናትም። በአራት ዓመት ውስጥ ከአንተ በቀጥታ የደረሰኝ አንድ የፖስታ ካርድ ነው፤ እሱም ላይ የጻፍከው «ዝናብ በዝቷል» የሚል ብቻ። ያንን ካርድ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት ብታውቅ ትስቅብኝ ነበር። ከቴምብሩ ሥር የተደበቀ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ በእንፋሎት አላቅቄዋለሁ። ምንም አልነበረም። ዝናብ በዝቷል፣ በቃ።

ይህን የምጽፍልህ ከቤቴ ነው። ሥራ ቦታ የምጽፈውን ሁሉ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ዋናውን ላስቀድም፤ አለዚያ ዳር ዳሩን ስዞር ደብዳቤው ያልቃል። ሰኞ ዕለት «አታሏል» ብዬ ስምህን ጽፌ ለኃላፊዋ ሰጥቻለሁ። ረቡዕ ዕለት መሳሳቴን አወቅኩ። የቀረው ሁሉ በእነዚያ ሁለት ቀናት ዙሪያ ነው።

*

የተጀመረው ከወር በፊት ነው። አዲሷ ኃላፊ ከአንተ በኋላ ስለመጣች አታውቃትም። ልትናገር ስትል የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍታለች፣ ስትጨርስ ትገጥማለች፤ ስለዚህ መቼ ዝም ማለት እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሙዚየሙ የወፎች ክፍል መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመችና ክዳኑን ከፈተች።

«ሁለቱን የረግረግ ዶሮዎች አስተያይተሽ ልዩነታቸውን ጻፊልኝ» አለችኝ። «በአንድ ገጽ። መጽሐፍ አላልኩም።»

«ለምን ተፈለገ?»

«ታችኛውን ረግረግ በአፈር ሞልተው ሊደለድሉት የሚፈልጉ ሰዎች ጠይቀዋል። አጥሩ የቆመው በዚያች በአንዲት ወፍ ነው አይደል? ወፏ እሷ ከሆነች አጥሩ ባለበት ይቆያል። ካልሆነች ግን…» ክዳኑን ገጠመችው።

ካልሆነች ምን እንደሚሆን እኔና አንተ እናውቃለን። የእማዬ ቤት አጥሩን ተደግፎ ነው የቆመው። ድልድሉ የሚጀምረው ከእሷ ጓሮ ነው።

ሄዳ በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ ረግረጉ አልነበረም። ለምን እኔን? የሚል ነበር። ወፏን ያመጣው ሰው እህት መሆኔን ታውቃለች። የምትፈልገው ምስክርነቴን ነው ወይስ መንቀጥቀጤን?

*

ይህን ሥራ አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ ላስረዳህ አይገባም ነበር። ግን ማስረዳት ያረጋጋኛል፣ ታገሠኝ።

ሁለቱም ወፎች ዶሮ ይባሉ እንጂ መዳፍ ላይ ተኝተው ቦታ የሚተርፋቸው ናቸው። በሸምበቆ ሥር ይሮጣሉ፤ ከመብረር ይልቅ መደበቅ ይቀናቸዋል፤ በዓይን ከሚያያቸው ሰው በጆሮ የሚሰማቸው ይበዛል። ጀርባቸው ቡናማ ነው፣ ደረታቸው አመድማ ሰማያዊ፤ ውሃ ላይ በተኛ ቅጠል እንዲራመዱበት ጣታቸው ከገላቸው ጋር የማይመጣጠን ረጅም። ከሩቅ መንታ ናቸው። ከቅርብ ደግሞ እንደ እኔና አንተ ናቸው፤ ከአንድ ቤት የወጡ፣ አንዱ የሌላውን ሆድ የማያውቅ።

እኛ «ረጅሟ» እና «አጭሯ» እንላቸዋለን፣ በክንፋቸው፤ አጥር የቆመላት ብርቋ አጭሯ ናት። የረጅሟ የክንፍ ጫፍ ከሌላው ላባ አልፎ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይወጣል። የአጭሯ የወጣ አይመስልም። የአጭሯ ጎን ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ መስመር ከእግሯ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል፤ የረጅሟ ከእግሯ በስተኋላ ይቀራል። አጭሯ ጀርባዋ ላይ በነጭ ቀለም የሞነጫጨሩባት ትመስላለች፤ ረጅሟ ላይ የሞነጫጨረው ሰው ቶሎ የሰለቸው ይመስላል።

አራተኛው ልዩነት ነው ጉድ ያፈላው። በሕይወት ሳሉ የረጅሟ ምንቃር ሥሩ ላይ ደም የነካው ይመስል ቀይ ነው። የአጭሯ ቀይ የለበትም፣ እስከ ጫፉ አረንጓዴ ነው። ወፍ ሲሞት ላባው መልኩን ይዞ ለዘመናት ይኖራል፣ የምንቃሩ ቀለም ግን በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ቀዩም አረንጓዴውም እኩል ቡኒ ይሆናል። ስለዚህ ሰብሳቢው ወፏ ሳትቀዘቅዝ ያየውን ቀለም በመለያ ወረቀቷ ላይ ይጽፋል፣ የተገኘችበትን ቦታ ይጽፋል፣ ወረቀቱን በክር እግሯ ላይ ያስረዋል። ያሰረው ሰው ወይም እሱ ያዘዘው ብቻ ይፈታዋል። ከዚያ ወዲያ ወፏ የምትናገረው በወረቀቷ ነው።

ሁለቱን ወፎች ነጭ ወረቀት ላይ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ክንፍ ለካሁ፣ ጎን አየሁ፣ ጀርባ አየሁ። የታችኛው ረግረግ መለያ ያላት ወፍ አጭሯ ነች፣ ጥርጥር የለውም። ደስ አለኝ። አጥሩ ይቆያል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ መለያዋን አነበብኩ። የአንተ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጠባብ፣ ወደ ኋላ የሚያዘነብል።

«ታችኛው ረግረግ። ምንቃር፦ አረንጓዴ፣ ሥሩ ላይ ደማቅ ቀይ።»

ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። አጭሯ ቀይ የላትም።

ሌላኛዋን አነሳኋት። አካሏ የረጅሟ ነው። መለያዋ ግን «ላይኛው ሐይቅ። ምንቃር፦ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ፣ ቀይ የለበትም» ይላል።

አየህ አይደል? ሁለቱ መለያዎች ተለዋውጠዋል። ብርቋ ወፍ የተገኘችው ከታችኛው ረግረግ ሳይሆን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ካለው ከላይኛው ሐይቅ ነው፤ እዚያ መኖሯን ደግሞ ማንም ተጠራጥሮ አያውቅም። ከእኛ ረግረግ የተገኘችው በየቦዩ የምትሮጠው፣ ማንም አጥር የማያጥርላት ረጅሟ ነች። ዐሥር ዓመት ሙሉ አጥሩ በሐሰት ቆሟል ማለት ነው።

*

ጥርጣሬ እንደ ብል ነው ትል ነበር። አንዱን ላባ በልቶ አይተውም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ያለፈውን ሁሉ እንደ አሮጌ ሹራብ እያነሳሁ ወደ ብርሃን ዘረጋሁት፤ የትም ባየው ቀዳዳ አለው። ከአምስት ወር የመስክ ሥራ ስትመለስ የዋልነው ቀን ትዝ አለኝ። የቀድሞው ኃላፊ አንተ በሌለህበት የወፎቹን ዝርዝር ሲያዘጋጅ አጭሯን አይቶ፣ መለያዋን አንብቦ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ደብዳቤ ጽፎ አጥሩ ቆሞ ጠበቀህ። ኬክ ተገዛ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወፍህ ረግረግ አዳነች!» አሉህ። አንተ የኬኩን ሳህን እንደያዝክ «የቷ ወፍ?» አልክ። ሁሉም ሳቀ፣ ትሑት ነው አሉ። እኔ አልሳቅኩም። ፊትህ ላይ ያየሁት ትሕትና አልነበረም፣ ድንጋጤ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የረግረጉ ዝርዝር ላይ ሲፈረም አንተ ሁልጊዜ መስክ ነህ። ሁልጊዜ! አንድ ዓመት ጥርስህን አመመህ። ከአራት ዓመት በፊት የቀድሞው ኃላፊ «ዘንድሮ አንተው ነህ የምትፈርመው፣ ጥርስህንም አስቀድመህ ተነቀል» አለህ። በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባህ። ሃያ ዓመት ወፍ ያየህ ሰው ሩቅ ከተማ ሄደህ በእንጨት መጋዘን ውስጥ ሳንቃ መቁጠር ጀመርክ።

ሌላ ምን ልበል? ረግረጉን ትወደው ነበር። አባዬ ሸምበቆ እያጨደ ያሳደገን ከዚያ ነው። አንተ ለእሱ ስትል አትዋሽም ብዬ በማን ልማልልህ?

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጻፍኩት። «ሰብሳቢው ረግረጉን ለማስከለል ሲል መለያዎቹን ሆን ብሎ ለዋውጧል።» ስምንት ቃል ናት፣ ቆጥሬያታለሁ። «የሰብሳቢው ስም» በሚለው ቦታ ላይ ስምህን ሞላሁ። አላመነታሁም፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። እንዲያውም እፎይ ብዬ ነበር። ሰው ለዓመታት የጠረጠረው ነገር እውነት ሆኖ ሲያገኘው የሚሰማው አንድ ዓይነት ክፉ እረፍት አለ።

*

ረቡዕ ዕለት ወፎቹን ልመልስ መሳቢያውን ስከፍት አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለቱ ወፎች ለየብቻ መሳቢያ አላቸው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ያገኘኋቸው በአንድ መሳቢያ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተኝተው ነው። ያኔ ከጉጉቴ የተነሳ ልብ አላልኩትም። ጋሽ ቁልፉን ጠራኋቸው። አሁንም እዚያው ናቸው፤ ያ የቁልፍ እሽክርክሪታቸው ከወገባቸው አልወረደም፣ ከሩቅ ሲመጡ አሁንም በግ የሚነዱ ይመስላሉ።

«ጋሽ ቁልፉ፣ ይህን መሳቢያ ማን ከፍቶት ነበር?»

«ማንም።»

«ማንም ካልከፈተው ሁለቱ ወፎች እንዴት አንድ ላይ ተኙ?»

«በርዷቸው ይሆናል።»

«አልቀልድም እኮ።»

«እኔስ መች ቀለድኩ? ሠላሳ ዓመት የሞተ ወፍ ጠብቄ አንድም አምልጦኝ አያውቅም።» ቁልፋቸውን አንገጫገጩ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ቆይ… ያ ወንድምሽ ሊሄድ ሲል ከፍቶታል። ከምሳ እስከ መውጫ ሰዓት እዚሁ ተጎልቶ ዋለ። ‹ምን ታያለህ?› ብለው ‹ክር› አለኝ።»

«ክር?»

«ክር! ወፍ በሞላበት ቤት ክር የሚያይ ሰው ጤነኛ ነው ትያለሽ? እኔማ የልብስ ስፌት ሊጀምር ነው ብዬ ነበር።»

ማመኔን ልንገርህ? መጀመሪያ ያመንኩት ክፉውን ነው። የሠራውን ተንኮል ሊያጣራ፣ ማስረጃ አለመተዉን ሊያይ ነው የመጣው አልኩ። ማጉያውን አንስቼ ክሩን ማየት የጀመርኩት አንተን ይበልጥ ለማጥመድ ነበር።

መጀመሪያ ከሌሎች ወፎችህ አንዱን አወጣሁ፣ ለማነጻጸር። ቋጠሮህ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቀኝ የዞረ ነው። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛም። አራተኛም ወደ ቀኝ። ከዚያ አጭሯን አነሳሁ።

ቋጠሮዋ ወደ ግራ ዞሯል።

የረጅሟም ወደ ግራ ዞሯል። ጫፉም ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ «አሁንስ በዛ፣ ወፏ አትሮጥም እኮ» እያልክ የምትስቅበት አስተሳሰር።

በዚያ ሕንጻ ውስጥ በግራ እጁ የሚሠራ ሰው አንድ ብቻ ነው ወንድም ጋሼ። እማዬ ማንኪያ ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ ግራኟ የምትለኝ እኔ ነኝ።

*

ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ ያ ቀን መጣ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩን ገፍቼ ያስቀመጥኩት ቀን።

ሁለቱ ወፎች ስብ አውጥተው ነበር። የረግረግ ዶሮ ስብ ይበዛበታል፣ ከቆዳው እየወጣ ክሩንም ወረቀቱንም ያበሰብሳል። አንተ መስክ ልትወጣ ስለነበር «እጠቢልኝ» አልከኝ። «መለያውን ፍቺው፣ ግን ደንቡን እወቂ። አንዱን ሳታስሪ ሌላውን አትፍቺ።» ስንት ጊዜ ነግረኸኛል? ለእኔ እንደ መዝሙር ነበር።

የመጀመሪያዋን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ሰጋቱራ ላይ አስተኛኋት። ቶሎ አልደረቀችም። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ — ለዚህ ብቻ፣ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ — ሁለተኛዋንም ፈታሁ። ሁለቱን መለያዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የቀኙ የቀኟ፣ የግራው የግራዋ፤ እንዴት ይጠፋኛል አልኩ።

ስልኩ ጮኸ። አንተ ነህ። «አባዬ ሆስፒታል ገብቷል። ሁሉንም እንዳለ ትተሽ ነይ።»

ትቼ መጣሁ። እጄ ላይ ሳሙና ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ነው ወደ ሥራ የተመለስኩት፣ አባዬን ቀብረን። ጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ወልውላዋለች፣ ወፎቹን አንስታ መልሳ አስተኝታቸዋለች፣ ወረቀቶቹን ከማስመሪያ ሥር አድርጋለች። እኔ ከመታጠቢያው ፊት ቆሜ፣ ዓይኔ አብጦ፣ ሁለት ወረቀት በሁለት ወፍ እግር ላይ አሰርኩ። አላነበብኳቸውም። ያን ጊዜ ማንበብ የምችለው ነገር አልነበረም። መሳቢያ የመረጥኩላቸውም በአካላቸው እንጂ በወረቀታቸው አይደለም፤ ስለዚህ ለሚያይ ሁሉ ነገር በቦታው ነበር።

በቃ፣ ተንኮሉ ይኸው ነው። ማንም ለረግረጉ ብሎ አልዋሸም።

*

አሁን የአንተ ነገር ተራ በተራ ይፈታልኝ ጀመር፤ ሲፈታ ደግሞ ይብስ አመመኝ። «የቷ ወፍ?» ስትል የምር ነበር የጠየቅከው። ያን ዕለት ማታውኑ ሳይሆን አይቀርም መሳቢያውን የከፈትከው። ቀዩን አነበብክ፣ ክንፉን አየህ፣ ቋጠሮዬን አየህ። ቀኑን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ የደወልከው አንተ ነህ።

አውቶቡስ ተራ ልሸኝህ የመጣሁ ዕለት ሻንጣህን እየጫንክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

«ግራኟ፣ አሁንም በግራ እጅሽ ነው የምታስሪው?»

«ታዲያ በእግሬ ልሰር?» አልኩህ።

ሳቅክ፤ ረጅም ሳቅ። ከዚያ «ተይው» አልከኝና ገባህ። «ተይው» ያልከውን ቃል አራት ዓመት በሌላ ትርጉም ይዤው ኖርኩ። ሊናዘዝ ፈልጎ ፈራ ብዬ ነበር። ለካ ልትነግረኝ ፈልገህ ያዘንክልኝ እኔን ነው።

ግን ስማ፣ ቅዱስ አላደርግህም። እኔም ኩርፊያ አለኝ። ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ዝም አልክ። ዝም ስትል ስሕተቱ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁለታችን ሆነ፤ አጥሩ በየዓመቱ እየረዘመ፣ እኛ በየዓመቱ እያጠርን መጣን። «በአባዬ ሞት ቀን የሠራሽው ስሕተት ነው» ብለህ ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፣ አዎ። አልቅሼ እንደገና አስረው ነበር። አንተ ግን ከእኔ ዕንባ ሽሽት ዕድሜህን ሳንቃ ስትቆጥር አሳለፍክ፤ እኔ ደግሞ ወንድሜ አታላይ ነው ብዬ አሳለፍኩ። እንዲህ ያለ ደግነት ማን አበድረኝ አለህ?

ይህንንም ስጽፍ እጠራጠርሃለሁ። ምናልባት ዝም ያልከው ለእኔ ሳይሆን ለረግረጉ ይሆን? ምናልባት የእኔ ስሕተት ተመችቶህ ይሆን? አላውቅም። መጥተህ ንገረኝ።

*

ሐሙስ ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁ።

«ሰኞ የሰጠሁዎት ወረቀት ይመለስልኝ።»

ክዳኑን ከፈተች። «ለምን?»

«ሰብሳቢው አይደለም የለወጠው። እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ወንድምሽ ነበር። ዛሬ አንቺ ነሽ። ለቅዳሜ ማንን ልጠብቅ፣ እናትሽን?»

«በስሕተት ነው፤ ክሩን ይዩት። የእሱ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ የእኔ…»

«ክር በማንኛውም ቀን ይታሰራል» አለችኝ። «ትናንት አለማሰርሽን በምን ልወቅ?»

ለካ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ መጠርጠር። እውነትህን ይዘህ ቆመህ እውነትህ ራሱ ውሸት ይመስላል። ፊቴ እንደጋለ ተሰማኝ፤ እሷም ፊቴን እያየች እንደሆነ አወቅኩ፤ የጋለውንም እንደ ማስረጃ እንደያዘችው። አንተ በኬኩ ቀን ፊትህ ላይ የነበረው እኔ ላይ ነበር።

«እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አለች በመጨረሻ። «እስከ ወሩ ማብቂያ ወረቀትሽ ከመሳቢያዬ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ይወጣል።»

«ረግረጉስ?»

«ወፏ ካለች ትኑር። እኔ ረግረግ አልጠላም። ግን መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ውሃው ውስጥ አሳዩኝ።» ክዳኑን ገጠመችው።

*

ቅዳሜ ወደ እማዬ ሄድኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እዚያው አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ተነስቼ ማበጠሪያዋን ስፈልግ ነቃች።

«ማበጠሪያ ምን ሊያደርግልሽ? ጸጉርሽን እንደሆነ ከተቆረጥሽው ቆየሽ።»

«ለወፍ ነው።»

«አይ የእኔ ነገር!» አለች ብርድ ልብሷን እየሳበች። «ሰው ጸጉር የሚያበጥር ይወልዳል፣ እኔ ረግረግ የሚያበጥር ወለድኩ። ያኛው ሦስት ማበጠሪያ ጭቃ ውስጥ ቀብሮብኛል። ያንን እንዳትጥዪ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነው እሱ ብቻ ነው።»

አስታወስከው? ዐሥር ዓመት ሳይሞላህ ነው። ከሸምበቆው ዳር ቁጢጥ ብለህ አውራ ጣትህን በማበጠሪያው ጥርስ ላይ ትጎትታለህ፤ ትርርር… ትርርር… አጭሯ የምትጮኸው እንደዚያ ነው፣ ደረቅ፣ ወፍ የማይመስል። ረጅሟ ደግሞ እንደ ትንሽ ቡችላ ትጮሃለች። ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፣ አንተም ስሟን አታውቅም ነበር። እየሮጥክ ገብተህ «መለሰልኝ! አንድ ነገር መለሰልኝ!» ስትል እኔ ምን አልኩህ? «ውሸታም።»

ይኸው እንግዲህ። አንተን መጠራጠር የጀመርኩት በመሳቢያው አይደለም።

ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ከውሃው ገና አልተነሳም። ጣቴን ጎተትኩ። ምንም። እንደገና። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ስፈራ ስቸር ለሦስተኛ ጊዜ ጎተትኩ፣ ከዚያ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

ከሸምበቆው መሐል፣ ከግራ በኩል፣ አንድ ነገር ትርርር አለ።

አንዴ ብቻ። ወፍ ይሁን እንቁራሪት አላውቅም። ነፋስ ያንቀሳቀሰው ሸምበቆም ሊሆን ይችላል። መስማት ስለፈለግኩ ሰምቼም ይሆናል። ሁሉን ሰው ስጠራጠር ኖሬ የመጨረሻው ተረኛ ጆሮዬ ሆነ።

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ብርድ ልብሷን እንደ ጋቢ ተከናንባ ከኋላዬ ቆማለች።

«መለሰልሽ?»

«አላውቅም እማዬ።»

«እሱ ያውቅ ነበር» አለችኝ። ስለ አጥሩ ምንም አልጠየቀችኝም። የምታውቀውን ያህል እንደምታውቅ ገባኝ። አድራሻህን በጀርባው የጻፈችበትን ወረቀት ከብርድ ልብሷ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለአራት ዓመት «ጠፋብኝ» ስትለኝ የኖረችውን።

*

ስለዚህ ና።

እንድትምልልኝ አይደለም የምጠራህ። ሦስት ጠዋት ብቻ እንድትሰማልኝ ነው። በዚያ ረግረግ ውስጥ የሚጮኸውን ለይቶ የሚያውቅ ከአንተ በቀር ሰው የለም። አጭሯ ካለች ኃላፊዋን ጫማዋን አስወልቀን ከሸምበቆው ዳር እናስቀምጣታለን፣ በራሷ ጆሮ ትስማ። ከሌለች ደግሞ የለችም፤ ሁለታችንም ከአንድ ወረቀት ሥር እንፈርማለን፣ የእማዬንም ዕቃ አብረን እናወጣለን። ከእንግዲህ በሐሰት ከቆመ አጥር ሥር መኖር አልችልም፤ አንተም እንደማትችል እንጨት እየቆጠርክ አሳይተኸኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወፎቹን አላረምኳቸውም። የተሳሳቱት መለያዎች አሁንም በእኔ ቋጠሮ እግራቸው ላይ ናቸው፣ ሁለቱም አንተ ጎን ለጎን ባስተኛህበት መሳቢያ ውስጥ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መቀሱን አንስቼ ነበር፤ ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩና አስቀመጥኩት። የተለዋወጠ መለያ በደንብህ አይታረምም ወንድም ጋሼ። አንዱን ሳያስሩ ሌላውን መፍታት ግድ ይላል፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ወፎች ስም የለሽ ሆነው ጠረጴዛ ላይ መተኛት አለባቸው። ያን አፍታ ብቻዬን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የሁለት ሰው ሥራ ነው።

አንዱን ወረቀት አንተ ትይዛለህ፣ አንዱን እኔ። ስልክ ቢጮህ አናነሳም።

ወሩ ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ማበጠሪያው ጥርሱ ሙሉ ነው።

ስትጠራጠርህ የኖረች፣
ግራኟ እህትህ